ሽፋኑን የሚሸፍነው ማን ነው? በሕንፃ ውስጥ የሚዘረጋ የሞባይል ኔትወርክ የወጪ አማራጮችና የውል አማርኛ

ዩኒቨርሲቲዎች፣ ሆስፒታሎችና ባለ ብዙ ፎቅ መሥሪያ ቤቶች በሕንፃዎቻቸው ውስጥ የሞባይል ኔትወርክ እንዲዳረስ ሲፈልጉ ጥያቄው ቴክኒካዊ ብቻ ይመስላል። በተግባር ግን ውሳኔውን የሚያከብደው ወጪውን የሚሸከመውን ወገን መለየቱ ነው። ይህ ጽሑፍ ዋና ዋናዎቹን የወጪ አማራጮች ካብራራ በኋላ፣ የውል አማርኛ በአማራጮቹ መካከል ያለውን ልዩነት እንዴት ሊያደበዝዝ እንደሚችል ያሳያል። የቋንቋ ባለሙያዎች እንዲህ ያሉ ሰነዶችን እንዲተረጉሙና እንዲያርሙ ስለሚጠየቁ ጉዳዩ ይመለከታቸዋል።

ከውጭ ማማ የሚነሣ የሬዲዮ ሞገድ በብረት የተጠናከረ ኮንክሪትና የብረት ቅብ ያለው መስታወት ሲያቋርጥ ይዳከማል። ድግግሞሹ ከፍ ባለ መጠን ድክመቱ በአብዛኛው ይብሳል፤ በ900 ሜጋኸርዝ ምድር ቤት የሚደርስ ሞገድ በ2600 ሜጋኸርዝ ላይደርስ ይችላል። የተለመደው መፍትሔ በየፎቁ አነስተኛ አንቴናዎችን ተክሎ በኬብል ማገናኘት ነው። ዋይፋይ የተለየ የድግግሞሽ ፈቃድ ስለማያሻው ተቋሙ በራሱ ሊዘረጋው ይችላል። የሞባይል ኔትወርክ ግን ድግግሞሹ የተፈቀደለት ኦፕሬተር ካልተስማማ አይሠራም። ስለዚህ ከፋዩ ማንም ቢሆን ኦፕሬተሩ ከስምምነቱ ውጭ ሊሆን አይችልም።

አማራጮቹ ሦስት ናቸው።

በመጀመሪያው ኦፕሬተሩ ራሱ ይከፍላል። ተቋሙ የመነሻ ወጪ አይኖርበትም፤ ነገር ግን ኦፕሬተሩ የሚገባው ገቢው ወጪውን እንደሚመልስለት ሲያምን ነው። የሚያገለግለውም በአብዛኛው የራሱን ደንበኞች ነው። በአዲስ አበባ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አገልግሎት እስኪጀምር ድረስ ኢትዮ ቴሌኮም ብቸኛው ኦፕሬተር ስለነበር ይህ ገደብ ጎልቶ አይታይም ነበር። ዛሬ ግን በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሁለቱም ደንበኞች ይሠራሉ።

በሁለተኛው ተቋሙ ይከፍላል። የመሣሪያዎቹ ባለቤት ስለሚሆን ሁለቱንም ኦፕሬተሮች መጋበዝ ይችላል፤ በምላሹ ጥገናውና የቴክኖሎጂ ለውጡ በእርሱ ላይ ይወድቃሉ። የኢትዮጵያ የመንግሥት ተቋማት በጀት መደበኛና ካፒታል ተብሎ ይከፈላል። ለተከላው የካፒታል በጀት ተይዞ ለጥገናው መደበኛ በጀት ካልታሰበ፣ ሥርዓቱ ሲበላሽ ጠጋኝ ያጣል።

በሦስተኛው ገለልተኛ አስተናጋጅ የሆነ ኩባንያ ሥርዓቱን ገንብቶ ለኦፕሬተሮች ያከራያል። ኦፕሬተሮቹ ሕንፃው አያዋጣንም ካሉ፣ ኩባንያው ከተቋሙ መደበኛ የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቃል። የተከላው ወጪ በዚህ ጊዜ ወደ ተቋሙ የሚመለሰው በየወሩ ወይም በየዓመቱ በሚከፈል ሂሳብ መልክ ነው።

አማርኛ ለኔትወርክ መዳረስም ለወጪ መክፈልም «ሸፈነ» የሚለውን ግሥ ይጠቀማል፤ «የኔትወርክ ሽፋን» እና «የወጪ ሽፋን» እንላለን። ለማስረጃ የተዘጋጀውን የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር እንመልከት፦

«በዩኒቨርሲቲው ለሚዘረጋው የውስጥ ኔትወርክ የሚያስፈልገው ወጪ ይሸፈናል።»

እዚህ ላይ ሁለት ችግሮች አሉ። አንደኛ፣ «በ» ከተደራጊ ግሥ ጋር ሲመጣ ቦታንም አድራጊንም ሊያመለክት ስለሚችል፣ ዩኒቨርሲቲው የሥራው ቦታ ነው ወይስ ዘርጊው? ሁለተኛ፣ «ይሸፈናል» ከፋዩን አይጠራም። በሰዋስው «ባለቤት» የሚባለው ክፍል «ወጪ» ነው፤ ገንዘቡን የሚያወጣው ወገን በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የለም። በመሆኑም ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከላይ ከተዘረዘሩት ከሦስቱም አማራጮች ጋር ይስማማል። ሦስቱ ወገኖች በየራሳቸው ትርጓሜ ፈርመው፣ ልዩነታቸውን የመጀመሪያው የጥገና ሂሳብ ሲመጣ ሊያውቁት ይችላሉ። «ይሸፍናል» እና «ይሸፈናል» በጽሑፍ የሚለያዩት በአንድ ፊደል መሆኑም ለአራሚው ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

የአካባቢው ቋንቋዎች በዚህ ረገድ አንድ ዓይነት አይደሉም። በስዋሂሊ ወጪን መሸከም «ኩጋራሚያ» ይባላል፤ ግሡ የተመሠረተው ወጪ ከሚለው «ጋራማ» ከተባለው ስም ስለሆነ ገንዘብን በግልጽ ያመለክታል። ሆኖም ተደራጊ ቅርጹ እንደ አማርኛው ከፋዩን ሊተው ይችላል፤ አድራጊውን የሚያስገባው «ና»ም «ጋር» እና «እና» የሚሉ ፍቺዎች አሉት። በሶማሊኛ ያልተጠቀሰ አድራጊ በተለምዶ «ላ» በሚለው ኢ-ግላዊ ተውላጠ ስም ይወከላል። ማንነቱ ባይታወቅም አንድ አድራጊ እንዳለ ቃሉ ራሱ ይናገራል፤ አንባቢም «ማን?» ብሎ ለመጠየቅ መነሻ ያገኛል። በአማርኛው ተደራጊ ግሥ ግን አድራጊውን የሚወክል የተለየ ቃል አይኖርም።

ከዚህ ትንተና ለተርጓሚና ለአራሚ የሚጠቅም ቀላል መመሪያ ይገኛል። «ሽፋን» ለኔትወርኩ ብቻ ይቆይ፤ ለገንዘቡ «ክፍያ» እና «ከፈለ» ይግቡ። ተከላ፣ ጥገና፣ ኪራይና የመሣሪያ ባለቤትነት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ዓረፍተ ነገር ይኑራቸው፤ ሁሉም ስሙ የተጠቀሰ ባለቤት ይያዙ። ለምሳሌ፦ «ኦፕሬተሩ የተከላውን ወጪ ይከፍላል። ዩኒቨርሲቲው የዓመታዊ ጥገናውን ወጪ ይከፍላል። የመሣሪያዎቹ ባለቤት ኦፕሬተሩ ነው።» «በዩኒቨርሲቲው» ቦታን ለማመልከት ከሆነ «በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ» ይባል።

ተደራጊ ግሥ በይፋዊ አማርኛ የጨዋነትና የክብደት ምልክት ሆኖ እንደሚወደድ ግልጽ ነው፤ በደብዳቤና በሪፖርት ቦታው ሊጠበቅለት ይችላል። የክፍያ ግዴታ በሚጻፍበት አንቀጽ ግን አድራጊ ግሥ ይቅደም፤ ባለቤቱን ያጣ ዓረፍተ ነገር ከፋዩን ያጣ ውል ሊሆን ይችላልና።