አንጮቴን በቀለም መሣል

እፅዋትን በጥቁር ቀለም የሚሥል ባለሙያ ዋና ሥራው አንድን ዝርያ ከቅርብ ዘመዶቹ የሚለዩትን ምልክቶች ለሌላ አጥኚ ማስረዳት ነው፤ በመሆኑም በወረቀቱ ላይ የሚያሰፍረው እያንዳንዱ መስመር ከተክሉ ጋር ተመሳክሮ ትክክል ነው ወይም ስሕተት ነው ሊባል ይችላል።

ሙያው ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ከስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጋር የመጣውና እ.ኤ.አ. በ1771 በጎንደር የሞተው የቦሎኛው ተወላጅ ሉዊጂ ባሉጋኒ የአገሪቱን እፅዋት ሥሏል፤ ብሩስ ግን በሥዕሎቹ የተገኘውን ክብር ለራሱ ለማድረግ መሞከሩ ዛሬም ከስሙ ጋር ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ1980 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ ማለትም ተጭነው የደረቁ የእፅዋት ናሙናዎች በሚቀመጡበት ተቋም፣ የተጀመረው የኢትዮጵያ እፅዋት ጥናት ፕሮጀክት ደግሞ እስከ 2009 ድረስ በስምንት ቅጾች 6,000 ያህል ዝርያዎችን ሲገልጽ በቀለም የተሠሩ ሥዕሎችን በስፋት ተጠቅሟል። በዚሁ ሥራ ወለጋ ራሱን የቻለ የእፅዋት ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ ሥሩ የሚበላው አንጮቴ የሚገኝበት የዱባ ቤተሰብም እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመው ክፍል ተካቷል።

በወለጋ፣ በነቀምት፣ በጊምቢ ወይም በኡኬ ለሚኖር ጀማሪ ከአንጮቴ የተሻለ መማሪያ ማግኘት ያስቸግራል፤ ለመስቀል በማዕድ የሚቀርበውን ሥሩን ሁሉም ያውቀዋል፣ ሐረጉን ግን አስተውሎ የተመለከተው ጥቂት ነው። ሐረጉ ድጋፍ የሚጨብጥበት ጠምዛዛ ክር የሚወጣው ከቅጠሉ አንገት ጎን እንጂ እንደ ወይን ከቅጠሉ ትይዩ አይደለም፤ ወንዴና ሴቴ አበቦቹ የተለያዩ ሲሆኑ፣ በሴቴዋ ላይ ፍሬ የሚሆነው ክፍል ከአበባው ቅጠሎች በታች እንደ ትንሽ ቋጠሮ ይታያል። ይህን ቋጠሮ ያልሣለ ሰው፣ ቅጠሉን ምንም ያህል ቢያሳምረው፣ አንጮቴን ሣለ አይባልም።

ሥራው የሚጀምረው በእርሳስ ነው፤ ርዝመቱና ስፋቱ ከናሙናው ላይ ይለካል፣ ሥዕሉም ሲታተም ስለሚያንስ ከሚታተምበት መጠን አስፍቶ ይነደፋል። ቀለም ሲገባ ብርሃኑ ከላይ በግራ በኩል እንደሚመጣ ተቆጥሮ ጥላው በመስመር ወይም በነጥብ ይሠራል፤ ነጥቦቹ ሲቀራረቡ ይጠቁራል፣ ሲራራቁ ይፈካል። ጀማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱት ጥላ በማብዛት ነው፤ የተጠጋጉ መስመሮች ሥዕሉ ሲያንስ ተዋሕደው ጥቁር ቦታ ይሆናሉና። ቀለሙ ከጥላሸት የተሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ የብራና ጸሐፊዎች ከጥላሸት ያዘጋጁት ቀለም ሳይደበዝዝ ዘመናትን መሻገሩ ለዚህ በቂ ምስክር ነው።

እርማት የሚጠቅመው ከቀለም በፊት ነው። በቀለም የገባን መስመር በምላጭ ፍቆ ማስተካከል ቢቻልም ወረቀቱ ይቆስላል፤ ስለዚህ ልምድ ያለው ሠዓሊ የእርሳሱን ንድፍ ከነናሙናው ለእፅዋት ተመራማሪ ያቀርባል። «ያምራል» የሚል አስተያየት ለተማሪው የሚነግረው ነገር የለም፤ «ጸጉሩ በቅጠሉ ጀርባ ብቻ ነው ወይስ በሁለቱም ገጽ?» የሚል ጥያቄ ግን ወደ አጉሊ መነጽሩ ይመልሰዋል። የሥዕል መምህር አስተያየትም አይናቅም፤ ይሁን እንጂ የመስመሩን ውፍረትና የገጹን አቀማመጥ እንጂ የአበባውን ክፍሎች ቁጥር እንዲመረምር አይጠበቅበትም። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የሚሰማ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ለውበት ሲል ልኬቱን ይለቃል፤ ስለሆነም የተመራማሪው እርማት ቢቀድም ይሻላል። ተማሪው ራሱም ንድፉን በፎቶ ኮፒ አሳንሶ ቢያየው የትኛው መስመር እንደሚጠፋ ሌላ ሰው ሳይነግረው ይደርስበታል።

ሥዕሉ ሲያልቅ የተሣለበት ናሙና ሰብሳቢና የስብስብ ቁጥር ከሥሩ ይጻፋል፤ የቅጠሉን ቅርጽ የተጠራጠረ አንባቢ በሄርባሪየሙ ያንኑ ናሙና አስወጥቶ ሊያመሳክር ይችላል።