ተጨማሪ መረጃ፦ ጫካ የዋጠው የአትላንታ ጎረቤት

ከአትላንታ በስተምዕራብ፣ በስዊትዋተር ክሪክ ስቴት ፓርክ ውስጥ፣ ጣሪያ አልባ የጡብ ግድግዳ ወንዝ ዳር ቆሟል። ኒው ማንቸስተር የተባለችው የፋብሪካ መንደር ቅሪት ነው። እ.ኤ.አ. በ1849 ሥራ የጀመረው የጥጥ ፋብሪካ አምስት ፎቅ ነበረው፤ ሠራተኞቹም በዙሪያው ሰፍረው ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወቅት፣ በጁላይ 1864፣ የሰሜኑ ጦር ጄኔራል የሸርማን ወታደሮች ፋብሪካውን አቃጠሉት። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት የነበሩት ሠራተኞች በግዞት ወደ ሰሜን ተወሰዱ፤ መንደሩም ባዶ ቀረ። የጦርነት ታሪክ የእነዚህን ሴቶች ዕጣ እንደ ጄኔራሎቹ ዝና አጉልቶ አለመጻፉ ያሳዝናል።

እንዲህ ያሉ የጠፉ ሰፈሮችን በትርፍ ጊዜያቸው የሚያስሱ ሰዎች የድሮውን ካርታ ከዛሬው ጋር ያስተያያሉ። ጫካ ሲገቡ የፈረሰ የጭስ ማውጫ፣ የቤት መሠረት፣ አፉ የተደፈነ የውሃ ጉድጓድ ይፈልጋሉ። አበባም ይመራቸዋል፤ ዳፎዲል የተባለው ቢጫ አበባ ቤቱ ከፈረሰ፣ የተከለው ሰው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላም በየጸደዩ ብቅ ስለሚል፣ በጫካ መሐል በመስመር ሲያብብ የጥንት ደጃፍ ይጠቁማል። የጦርነቱን ቅሪት የሚሰበስቡም ነበሩ፤ ቶም ዲኪ የተባሉ የአትላንታ ሰው የሰበሰቧቸው የእርስ በርስ ጦርነቱ የመድፍ ጥይቶች ዛሬ በአትላንታ ሂስትሪ ሴንተር ይገኛሉ።

ቁፋሮ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቅርስ ከፌዴራል መሬት ያለ ፈቃድ ማውጣትን እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ይከለክላል። ደግሞም ከቦታው የተነሣ ቁልፍ ወይም ሸክላ የማን ቤት እንደነበረ መናገር ያቅተዋል። ስለዚህ በአካባቢያችሁ የድሮ ሰፈር ቅሪት ካገኛችሁ ፎቶ አንሡ፣ ቦታውን መዝግቡ፤ ዕቃውን ግን አትንኩ።