ድምፁ እየተሰማ ምስሉ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

የመኸር ምርቱን ሸጦ «ፎር ኬ» የተባለውን ቴሌቪዥን የገዛ ቤተሰብ፣ ከነባሩ ሪሲቨር ጋር አገናኝቶ የፎር ኬ ጣቢያ ሲከፍት ድምፅ ብቻ ሊሰማና ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሊቀር ይችላል። ብዙዎች ዲሹ የተነቃነቀ መስሏቸው ባለሙያ ጠርተው ጣሪያ ላይ ያስወጣሉ። ድምፁ ጥርት ብሎ ከተሰማ ግን ሲግናሉ ደርሷል፤ ጥፋቱ የዲሹ አይደለም።

የፎር ኬ ምስል 3840 በ2160 ነጥቦች አሉት፤ ይህም 1920 በ1080 ከሆነው ኤችዲ አራት እጥፍ ነው። ይህን ያህል መረጃ በሳተላይት ለመላክ ጣቢያዎቹ ምስሉን ኤች 265 በተባለ ስልት አምቀው ያሰራጩታል። የቀድሞዎቹ ሪሲቨሮች የሚፈቱት ኤምፔግ 2ን እና ኤች 264ን ብቻ ነው። ድምፁ በተለየ ስልት ስለሚታመቅ ይሰማል፤ ምስሉ ግን ሳይፈታ ይቀራል። ቴሌቪዥኑ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ሪሲቨሩ ያልፈታውን ምስል ማሳየት አይችልም።

ገዢን የሚያሳስተው ካርቶኑ ነው። «ኤች 265» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው አንዳንድ ርካሽ ሪሲቨሮች ከኤችዲ በላይ አይሄዱም፤ ስለዚህ «ፎር ኬ» የሚለውም መኖሩ መታየት አለበት። ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ገመድ ኤችዲን እንኳ ስለማያሳልፍ ኤችዲኤምአይ ያስፈልጋል።

በኢትዮሳት የሚተላለፉት የአገር ውስጥ ጣቢያዎች በአመዛኙ በመደበኛና በኤችዲ ጥራት ስለሚሰራጩ፣ እነዚህን ብቻ የሚከታተል ቤተሰብ ሪሲቨሩን ለመቀየር አይገደድም። የውጭ የፎር ኬ ጣቢያ የሚፈልግ ግን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሪሲቨሩ እዚያው ሱቁ ውስጥ ከዲሽ ጋር ተያይዞ ጣቢያውን ሲያሳይ ማየት ይኖርበታል።