«ምጣ» በምትል ልጅ አትሳቁ

ልጅን «ሂድ» ካልን «አትሂድ»፣ «ብላ» ካልን «አትብላ» እንላለን። «ና» ካልን ግን ማፍረሻው «አትና» ሳይሆን «አትምጣ» ነው። ለምን ይሆን?

ባለፈው ክረምት ከውጭ አገር ሐይቅ የመጣችው የስድስት ዓመት የልጅ ልጄ የአክስቷን ልጅ «ምጣ!» ብላ ጠራችው። ልጅ አዋቂው ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ በእንግሊዝኛ ብቻ መለሰችልን። እኔ ግን በልጅቷ ብልህነት ተደነቅሁ። ከ«አትምጣ» ተነስታ ሕጉን በራሷ አግኝታዋለች፤ ከሕጉ የወጣው ግሱ ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። ግዕዝም «መጽአ» እያለ፣ ሲጠራ ግን «ነዓ»፣ «ነዒ»፣ «ንዑ» ይላል። የእኛ «ና»፣ «ነይ»፣ «ኑ» የዚያ ውርስ ናቸው፤ «መጽአ» ደግሞ ጸ ወደ ጠ ተለውጦ «መጣ» ሆነ። «አለ» ብለን «ብሎ»፣ «በል»፣ «ተባለ» የምንለውም በግዕዙ «ብህለ» ውስጥ የነበረው «ብ» ስላልጠፋ ነው፤ «ብሂል» ዛሬም ይዞታል። «ቤት አለ» የምንለው ሌላው «አለ» ግን ከ«ሀሎ» የመጣ ነው። ሲፈርስ «የለም»፣ ሲያልፍ «ነበረ»፣ ለወደፊት «ይኖራል» ይሆናል። «ሐይቅ»ም የግዕዝ ቃል ነው፤ ዳርቻም ማለት ስለሆነ ውሃው ዳር ላለችው ከተማችን ልኳ ነው።

በየቀኑ የምንናገራቸው ግሶች አፍ ስለለመዳቸው የጥንት መልካቸውን ይዘው ይቆያሉ፤ እምብዛም የማይነሱት ወደ ሕጉ ይገባሉ። የአየርላንድ ቋንቋ ሰዋስው ከሕግ የወጡ 11 ግሶችን ይቆጥራል፤ መምጣት፣ መሄድ፣ ማለት፣ መስጠትና መሆን እዚያም አሉበት።

የግስ ነገር ቀልድ እንዳልሆነ አምባሰል ምስክር ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17፣ በአማርኛው «ይቻላቸዋል» የተባለው በጣሊያንኛው ግዴታ ሆነ። የዚያ ጠብ መጨረሻ አድዋ ነበር።

እንግዲህ ወላጆችና አያቶች፣ ልጅ «ምጣ» ብትላችሁ «እሺ፣ መጣሁ፤ አንቺም ነይ» ብላችሁ መልሱላት። ዳቦ ስትሰጧት «እንኪ»፣ ለወንድሟ «እንካ»፣ ለሁለቱም «እንኩ» በሉ። እነዚህም እንደ «ና» ትእዛዝ ብቻ የሆኑ ቃላት ናቸው። ሳትታረም በጆሮዋ ትለምዳቸዋለች፤ የተሳቀባት ልጅ ግን አፏን ትዘጋለች።