ሥር አስወጪ ሆርሞን፦ ስለ ስያሜው የቀረበ ማብራሪያ

በወልቂጤና በቡታጅራ አካባቢ ለክትፎ ቅቤ ማንጠሪያ የሚሆነው ኮሰረት በየጓሮው ይተከላል። ኮሰረት ከግንዱ በተቆረጠ ቅርንጫፍ ሲባዛ አዲሱ ተክል የእናቱን መዓዛ እንደያዘ ይበቅላል። ቁራጩ ቶሎ ሥር እንዲሰድ የሚነከርበትን ዱቄት ወይም ፈሳሽ በአማርኛ ምን እንበለው? መልሱ ከአሠራሩ ተለይቶ ሊገኝ አይችልም።

«ሆርሞን» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1905 በሳይንስ ቋንቋ ያስገባው እንግሊዛዊው ሊቅ ኧርነስት ስታርሊንግ ነው፤ ምንጩም «መቀስቀስ፥ ማነሣሣት» የሚል ፍቺ ያለው የግሪክ ግሥ ነው። በዕፅዋት ዘንድ ሥር የሚያስወጣው ሆርሞን ኦክሲን ይባላል። ኦክሲን በተለይ ከለጋው ጫፍና ከለጋ ቅጠሎች ይመነጫል፤ ወደ ታች ወርዶ በተቆረጠው ግርጌ ሲጠራቀም በዚያ ያሉት ሕዋሳት ሥር ያበቅላሉ። በዱቄቱ ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ኢንዶል ቡቲሪክ አሲድም ይህንኑ የተፈጥሮ ሥራ ያግዛል።

«የሥር ማዳበሪያ» ብንለው ምግብ ይመስላል። ማዳበሪያ ተክሉን ይመግባል፤ ሆርሞን ግን ትእዛዝ ያደርሳል። በስሙ ተመርቶ «ቢበዛ ይበጃል» የሚል ተካይ ቁራጩን ይጎዳል፤ በስንዴና በጤፍ ማሳ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች የሚያጠፋው ቱ ፎር ዲ ራሱ ከኦክሲን ወገን ነውና።

«አሳዳጊ» ማለትም አያስኬድም። የጉራጌ ገበሬ እንሰትን ሲያባዛ የአሚቾውን የማደጊያ እምብርት ፈልፍሎ ያወጣና አሚቾውን ይቀብረዋል፤ ከአንዱም ብዙ ችግኝ ይፈላል። እምብርቱ ሳለ ከእርሱ የሚመነጨው ኦክሲን የጎን እንቡጦቹን ያግድ ነበር። እንግዲህ ያው ሆርሞን በአንዱ ስፍራ ይቀሰቅሳል፤ በሌላው ያግዳል።

ስለዚህ የተለመደውን «ሆርሞን» እንዳለ ይዘን የሚከተሉትን እናቀርባለን፦

ሆርሞን፦ በሕያው አካል ውስጥ በጥቂቱ ተሠርቶ የሌላውን ክፍል ሥራ የሚያዝ ንጥረ ነገር።

ሥር አስወጪ ሆርሞን፦ ሥር እንዲያወጣ በቁራጭ ግርጌ በልክ የሚደረግ ሆርሞን።

የግንድ ቁራጭ፦ ለመባዣ ከእናት ተክል የተቆረጠ የግንድ ወይም የቅርንጫፍ ክፍል።

አንጓ፦ ቅጠል ከግንድ የሚወጣበት መገጣጠሚያ።

አገባብ፦ «ከአንጓው በታች የተቆረጠውን የኮሰረት ቁራጭ ግርጌውን ብቻ ሥር አስወጪ ሆርሞን አስነክተህ፥ በረጠበ አሸዋ ከጥላ ሥር ትከል።»

በፍቺው «በልክ» የሚለውን ያስገባነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ መዝገበ ቃላቱን የሚገልጥ ተካይ ከስሙ ጋር ጥንቃቄውንም ሊያገኝ ይገባዋል።