ከመጠምጠም መማር ይቅደም፤ በሜሪላንድ ግዛት የነርስነት ዲግሪ ስለ መምረጥ

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ከሚኖሩት የአገራችን ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ በዋና ከተማው በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ከእነዚህም በርከት ያሉት በሜሪላንድ ግዛት በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢዋ ሰፍረው ይገኛሉ። ከነዚህ ቤተ ሰቦች መካከል እናት ወይም ሴት ልጅ፣ አባት ወይም ወንድ ልጅ፣ ነርስ ለመሆን የሚያስብ ሰው የሚገኝበት ቤት ብዙ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ሥራው የተከበረ፣ ደመወዙ ቤት የሚያቆም፣ ለወገንም ለባዕድም የሚጠቅም ነው። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱን ለመምረጥ የሚሰጠው ጊዜ ለሠርግ ልብስ ምርጫ ከሚሰጠው ጊዜ ሲያንስ ብዙ ጊዜ ይታያል። የመመዝገቢያው ቀን ደርሶአል፣ ወይም ዘመድ እዚያ ተምሮአል ተብሎ ገንዘቡ ይከፈላል፤ ምርመራው የሚጀመረው ግን ችግር ከመጣ በኋላ ነው። አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የምርጫው ስሕተት የሚያስከፍለው ዋጋ ቀላል አይደለም። አንዲት ሴት ሌሊት ሌሊት የነርስ ረዳት ሆና እየሠራች ያጠራቀመችውን ገንዘብ፣ ከዚህም ጋር ከሕይወትዋ ሁለት ወይም አራት ዓመት ሰጥታ ካበቃች በኋላ፣ የተማረችበት ትምህርት ለፈቃድ ፈተና የማያስቀምጥ ወይም ለቀጣዩ ዲግሪ የማይቈጠር ሆኖ ብታገኘው ገንዘቡንም ዘመኑንም የሚመልስላት የለም። ከዚህም በላይ ሌላ ባለ ጉዳይ አለ፤ እርሱም በአልጋ ላይ ተኝቶ፣ መድኃኒት የምትሰጠው ነርስ በእውነት የተማረች መሆንዋን አምኖ እጁን የሚዘረጋው በሽተኛ ነው።

ይህ ባዶ ስጋት አለመሆኑን በፍሎሪዳ ግዛት የተፈጸመው ድርጊት ያስረዳል። በ2023 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ባለ ሥልጣኖች እንደ ገለጡት፣ በዚያ ግዛት የሚገኙ ሦስት የነርስ ትምህርት ቤቶች ከ7600 በላይ የሐሰት ዲፕሎማዎችን ሸጠው ነበር፤ በወንጀሉም 25 ሰዎች ተከሰሱ። ከገዢዎቹም ውስጥ 2400 ያህሉ የፈቃዱን ፈተና ማለፋቸው ታወቀ። ከዚያ በኋላ ልዩ ልዩ ግዛቶች የሰጡትን ፈቃድ መሠረዝ ጀመሩ። ከዚህ ነገር ሁለት ትምህርት እናገኛለን። አንደኛው፣ ፈተና ማለፍ ብቻውን በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ ለመማር ምስክር አይሆንም። ሁለተኛው፣ በአቋራጭ የተገኘ ወረቀት ከዓመታት በኋላም ቢሆን ባለቤቱን ተከትሎ ይደርስበታል።

እንግዲህ ምርጫው በምን ይጀመር? በመጀመሪያ ሦስት ቃላትን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል፤ በአማርኛ ሲነገሩ የሚቀራረቡ ስለ ሆኑ ብዙ ሰው ያደባልቃቸዋልና። ይሁንታ ማለት የግዛቱ መንግሥት አንድ ትምህርት ቤት ነርሶችን ያስተምር ዘንድ የሚሰጠው ስምምነት ነው። ዕውቅና ማለት ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሆኑ መርማሪዎች የትምህርቱን ጥራት መዝነው የሚሰጡት ምስክርነት ነው። ፈቃድ ማለት ደግሞ ተማሪዋ ተመርቃ ፈተናውን ካለፈች በኋላ ለራስዋ የሚሰጣት የሥራ መብት ነው። ይሁንታና ዕውቅና የትምህርት ቤቱ ናቸው፤ ፈቃድ ግን የሰውየው ነው።

በሜሪላንድ ይሁንታ የሚሰጠው የግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ ነው። በዚህ ቦርድ ዝርዝር ውስጥ የማይገኝ የሜሪላንድ ትምህርት ቤት ተማሪውን ለፈቃድ ፈተና ሊያቀርብ አይችልም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። ዕውቅና ግን ሁለት ደረጃ አለው። አንደኛው ለኮሌጁ ወይም ለዩኒቨርሲቲው በጠቅላላው የሚሰጥ ሲሆን፣ በሜሪላንድ ይህን ሥራ ከሚሠሩት ዋናው የመካከለኛ ግዛቶች የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን ነው። ሁለተኛው ለነርስነት ትምህርቱ ለብቻው የሚሰጥ ነው። ይህንንም የሚሰጡት በምሕፃረ ቃል ሲ.ሲ.ኤን.ኢ.፣ ኤ.ሲ.ኢ.ኤን. እና ሲ.ኤን.ኢ.ኤ. የሚባሉት ድርጅቶች ናቸው። የመጀመሪያው የባችለር ዲግሪንና ከዚያ በላይ ያለውን ትምህርት ብቻ ይመረምራል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ከዝቅተኛው የነርስነት ትምህርት ጀምረው እስከ ከፍተኛው ድረስ ይመረምራሉ። እንግዲህ የሁለት ዓመት ኮሌጅ የመጀመሪያውን ዕውቅና የለውም ተብሎ ሊነቀፍ አይገባም፤ ሥርዓቱ አይፈቅድለትምና።

«ቦርዱ ከተስማማና ፈተናውን ካለፍሁ ዕውቅናው ምን ይጠቅመኛል?» የሚል ይኖራል። ጥቅሙ ብዙ ነው። የአሜሪካ የጦር ጉዳተኞችና የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ነርስ ሲቀጥሩ ዕውቅና ካለው ትምህርት ቤት መመረቅን ይጠይቃሉ። የማስተርስና የዶክተርነት ትምህርት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎችም በአብዛኛው ዕውቅና የሌለውን ዲግሪ አይቀበሉም። ዛሬ ነርስ ሆና ነገ አዋላጅ፣ አስተማሪ ወይም የክፍል ኀላፊ ለመሆን የምታስብ ሴት ይህን በር በራስዋ እጅ መዝጋት አይገባትም።

ዕውቅናውን ለማረጋገጥ የትምህርት ቤቱን ማስታወቂያ ማንበብ አይበቃም። ሻጭ ዕቃውን አይነቅፍምና፣ የዕውቅና ሰጪው ድርጅት ራሱ የሚያወጣውን ዝርዝር መመልከት ይገባል። የድርጅቱም ስም አዲስ ሆኖ ሲገኝ፣ የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር ከሚያውቃቸው መካከል መሆኑን መመርመር ደግ ነው፤ ስማቸው የከበረ፣ ሥራቸው ግን ባዶ የሆነ ዕውቅና ሰጪዎች አሉና። ቀጥሎም ቀኑን ማየት ነው። ዕውቅና እስከ ዘለዓለም አይሰጥም፤ ጊዜው ሲደርስ እንደ ገና ይመረመራል። አዲስ የተከፈተ ትምህርት ቤት «አመልክተናል» ወይም «ዕጩ ነን» ሲል፣ ይህ ቃል ተስፋ እንጂ ዕውቅና አለመሆኑን መረዳት ያሻል። እንዲህ ባለው ቦታ የሚመዘገብ ሰው «ምርመራው እኔ ከመመረቄ በፊት ይፈጸማልን? ባይሳካስ ምን ይደረግልኛል?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በጽሑፍ ይቀበል።

ከዚህ በኋላ መንገዱን መምረጥ ይመጣል። ገንዘብና ጊዜ ላጠረው ሰው የሕዝብ ኮሌጅ ጥሩ በር ነው። ለምሳሌ በሞንትጎመሪ አውራጃ የሚገኘው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ የነርስነትን የአሶሺየት ዲግሪ ይሰጣል። ይህ ትምህርት በስሙ የሁለት ዓመት ቢባልም፣ አስቀድመው የሚወሰዱት የሳይንስ ትምህርቶች ሲጨመሩ ከዚያ የሚረዝም መሆኑን ማሰብ ይገባል። የአሶሺየት ዲግሪ ያላት ነርስ የባችለር ዲግሪ ካላት ጋር አንድ ዓይነት ፈተና ትፈተናለች፤ አንድ ዓይነት ፈቃድም ትቀበላለች። ነገር ግን የአሜሪካ የሕክምና ተቋም በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከመቶ 80 የሚሆኑ ነርሶች የባችለር ዲግሪ ይኑራቸው ብሎ ከመከረ ወዲህ፣ ታላላቅ ሆስፒታሎች ባለ ባችለሯን ማስቀደም አብዝተዋል። ስለዚህ ከኮሌጁ ጀምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግር ስምምነት መኖሩን መጠየቅ ነው። በሜሪላንድ ተማሪው በሕዝብ ኮሌጅ ሳለ በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የነርስነት ትምህርት ቤት ጭምር እየተመዘገበ የሚማርበት ሥርዓት ተዘርግቶአል።

ይህ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የነርስነት ትምህርት ቤት በባልቲሞር በ1889 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን፣ ያቋቋሙትም ፍሎረንስ ናይቲንጌል በለንደን በመሠረቱት ትምህርት ቤት የተማሩት ሉዊዛ ፓርሰንስ ነበሩ። ዛሬ ከባልቲሞር ሌላ በሮክቪል ከተማ በሼዲ ግሮቭም ያስተምራል። ተማሪው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ትምህርቶች በሌላ ቦታ ፈጽሞ ይገባል። ታውሰን፣ ሶልስቤሪ፣ ቦዊ ስቴትና ኮፒን ስቴት ዩኒቨርሲቲዎችም የባችለር ትምህርት ይሰጣሉ። ስሙ በዓለም የታወቀው ጆንስ ሆፕኪንስ ግን ዛሬ አዲስ ነርሶችን የሚያስተምረው በማስተርስ ደረጃ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ በሌላ ሙያ የባችለር ዲግሪ ላለው ሰው እንጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ለፈጸመ ወጣት አይሆንም። ስም ብቻ አይቶ ማመልከት ድካም የሚሆነው ስለዚህ ነው።

የትምህርት ቤቶቹን ሥራ ለመመዘን የፈተናው ውጤት ይረዳል። ኤንክሌክስ የሚባለው የፈቃድ ፈተና ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዲስ መልክ የሚሰጥ ሲሆን፣ ከ85 እስከ 150 ጥያቄዎች አሉት፤ ጊዜውም አምስት ሰዓት ነው። የሜሪላንድ ቦርድ በመጀመሪያ ሙከራ ያለፉትን ሰዎች መጠን በየትምህርት ቤቱ ለይቶ ያወጣል። ይህን ቍጥር የሚያነብ ሰው የአንድ ዓመቱን ብቻ አይመልከት፤ የሦስቱን ወይም የአራቱን ዓመት ያስተያይ። ደግሞም ሌላ ጥያቄ ይጨምር፤ ከተመዘገቡት ውስጥ ስንቶቹ ተመረቁ? ከመቶ ተማሪ ስድሳውን በመንገድ አስቀርቶ የቀሩትን አርባ የሚያሳልፍ ትምህርት ቤት ውጤቱ ሲታይ ያምራል፤ የስድሳዎቹ ገንዘብና እንባ ግን በሰንጠረዡ ላይ አይጻፍም።

በሆስፒታል የሚደረገው ልምምድም ይመርመር። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ታላቅ ጥናት፣ በመልካም ሁኔታ የተዘጋጀ የአሻንጉሊትና የማስመሰያ ልምምድ የሆስፒታሉን ልምምድ እስከ እኩሌታው ድረስ ሊተካ እንደሚችል አሳይቶአል፤ የቀረው እኩሌታ ግን በሕያው ሰው አጠገብ የሚፈጸም ነው። በኮምፒዩተር ከሩቅ የሚሰጥ ትምህርት ሲሆን «የልምምዱን ሆስፒታል የሚፈልግልኝ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ትምህርት ቤቱ በሌላ ግዛት የሚገኝ ከሆነም፣ በሜሪላንድ ልምምድ ለማድረግ መፈቀዱን ከቦርዱ ማረጋገጥ ያሻል።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ፣ የሕዝብ ኮሌጅ ክፍያ ለአውራጃው ነዋሪ፣ ለግዛቱ ነዋሪና ከሌላ ግዛት ለመጣ ሰው ልዩ ልዩ ነው። በግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች የነዋሪነት ክፍያ ለማግኘት በመሠረቱ አሥራ ሁለት ወር በሜሪላንድ መኖር ይጠየቃል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ከሌላ ግዛት በቅርብ ጊዜ የመጣ ቢሆን፣ አንድ ዓመት ታግሦ በዚያ ጊዜ የሳይንስ ትምህርቶችን መፈጸም ብዙ ገንዘብ ሊያተርፍለት ይችላል። ሜሪላንድ ከቴክሳስ፣ ከዩታና ከዊስኮንሲን ጋር የነርሶችን የፈቃድ ስምምነት በመጀመሪያ ከገቡት አራት ግዛቶች አንዷ ናት፤ ዛሬ የስምምነቱ አባሎች ከአርባ በላይ ስለ ሆኑ፣ እዚያ የምትኖር ነርስ በተገቢው ሁኔታ ያገኘችው ፈቃድ በብዙ ግዛቶች ያሠራታል።

በአገር ቤት ነርስነትን ተምረው የሄዱ እኅቶችና ወንድሞች ግን ወደ አዲስ ትምህርት ቤት ከመግባታቸው በፊት የቀድሞ ማስረጃቸውን ያስመርምሩ። ምርመራው ከተሳካላቸው ለፈተናው በቀጥታ ሊቀርቡ ይችላሉ። ያወቁትን ትምህርት እንደ ገና በገንዘብ መግዛት ትርፍ የለውም።

በመጨረሻም፣ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን በለንደን በታላቁ የሕፃናት ሆስፒታል እንደ ማንኛዋም ተማሪ በተራቸው እየሠሩ ተምረው በ1939 እ.ኤ.አ. የሕፃናት ነርስነትን ማዕረግ ማግኘታቸው ይታወሳል። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሳሉ አቋራጭ መንገድ አልፈለጉም። ስለዚህ ወላጆችም ሆኑ ልጆች፣ ከመፈረማቸው በፊት የቦርዱን ይሁንታ፣ የዕውቅናውን ስምና ቀን፣ የፈተናውን ውጤት፣ የልምምዱን ቦታና የክፍያውን ድምር በአንድ ወረቀት ላይ ጽፈው በማዕድ ዙሪያ ይመካከሩበት። ለዚህ የሚጠፋው አንድ ሳምንት አራት ዓመት ያድናል።