ስለ ፈሪ ድመት

ስንትና ስንት የአገር ጉዳይ እያለ ስለ ድመት መጻፍ «ምነው፣ ሥራ ፈታህ?» እንደሚያሰኝ አላጣሁትም። ይሁንና ዊተን የሚገኘውን ቤታችንን ስምንት ወር ሙሉ ያከራከረ ነገር ነውና ላስረዳ። ድመቷን ያመጣናት ከመጠለያ ነው፤ ሦስት ዓመት ይሆናታል። የበሩ ደወል ሲጮኽ አልጋ ሥር ትገባለች። ቡና ሲወቀጥማ ጨርሶ የለችም።

ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ የሚመጡ ወዳጆቻችን ፍርዳቸው አንድ ነው፤ «ምስኪን፣ ተደብድባ መሆን አለበት!» ሊሆን ይችላል፤ ግን የግድ አይደለም። የድመት ግልገል ሰውን የምትለምድበት ዋነኛ ጊዜ ከተወለደች ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ነው። ይህን በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፊላደልፊያ በሚገኘው ቴምፕል ዩኒቨርሲቲ ካጠኑት አንዷ አይሊን ካርሽ ናቸው። በእነዚያ ሳምንታት የሰው እጅ ያልነካት ግልገል፣ ማንም ክፉ ሳይሠራባት፣ ሰውን እንደ አውሬ ስትሸሽ ልትኖር ትችላለች። የአባት ዝርያም ድርሻ አለው። በ1995 የታተመው የሳንድራ ማክዩን ጥናት ሰው ወዳድ ከሆነ አባት የተወለዱ ግልገሎች ይበልጥ ደፋር ሆነው መገኘታቸውን ያሳያል። የድመት አባት ደግሞ ልጅ በማሳደግ አይታማም!

በአገራችን ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። ድመት ለአይጥ ትቀመጣለች፤ ጓዳውንና ጎተራውን ከጠበቀች «ለምን አልታቀፈችልኝም?» ብሎ የሚቀየማት የለም። ፈሪ ከሆነችም ጣሪያው አለላት፣ ጓሮው አለላት። እዚህ ግን በር ተዘግቶባት ሥራዋ መወደድ ብቻ ሆነና፣ ሥራዋን አልሠራችም ተብላ ትከሰሳለች። «ትመለስ» የሚለው ሐሳብ በቤታችን የተነሣውም በዚሁ ክስ ነው። እኔ አጥብቄ እቃወማለሁ። አንድ ክፍል ለመልመድ ወራት የፈጀባት ፍጥረት መጠለያ ስትገባ ከዜሮ ትጀምራለች፤ ጥግ ይዛ የተኮራመተችን ድመት ደግሞ መራጭ አይቶ ያልፋታል።

ልጄ አልጋው ሥር ያለውን ቀዳዳ እንዝጋው ብላ ነበር። ተቃራኒው ነው የሚሠራው። በ2014 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት፣ መጠለያ በገቡ 19 ድመቶች ላይ ተሞክሮ፣ መደበቂያ ሳጥን የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ቀድመው እንደተረጋጉ አሳይቷል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምጣድ የመጣበትን ካርቶን በጎኑ አስተኝተን ሰጠናት። መደበቂያ እንዳላት ስታውቅ መውጣት ጀመረች፤ ሌሊት ብቻ ቢሆንም። ሌላው ዓይን ነው። የእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እንዳሳዩት፣ ዓይንን ጠበብ አድርጎ ቀስ ብሎ መክደንና መክፈት ድመትን ያግባባል፤ ማፍጠጥ ግን ያስፈራራታል። ታላቅን አፍጥጦ ማየት ነውር ነው ተብሎ ላደገ የእኛ ሰው ይህ ሊከብደው አይገባም ነበር። የሚከብደን እንግዳ ሲመጣ «እስቲ አምጧት፣ እንያት» የሚለውን እምቢ ማለት ነው። እኔ እምቢ እላለሁ፤ እንግዶቼም መቼም ለምደውኛል።

አንድ ነገር ግን ቀልድ የለውም። ፈርታ መብላት ያቆመች ድመት፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉበቷ ላይ ስብ ተከማችቶ ልትሞት ትችላለች። አንድ ቀን ሙሉ ካልቀመሰች ለእንስሳት ሐኪም መደወል ነው። ሰው ትወድ የነበረች ድመት በድንገት መደበቅ ስትጀምርም እንዲሁ፤ ድመት ሕመሟን ትደብቃለችና።